ፈረስ ሰጥቶ በቅሎ መግዛት፦ የምንወደውን መኪና በአዲስ ፒክአፕ ከመለወጣችን በፊት

ከመካከላችን አንዱ ከሠራዊት ከተሰናበተ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀን በግንባታ፣ ሌሊት በጥበቃ ሠርቶ ያገለገለ ፎርድ ሙስታንግ ገዛ። መኪናው ቀይ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሐዳር ውስጥ ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር ሲያጥበው የሰፈሩ ልጆች ይሰበሰባሉ፤ «ሞተሩን አስነሳው» እያሉ ይለምኑታል። እናቱ መጀመሪያ ያዩት ቀን «ይህ ሁሉ ጩኸት ለሁለት ሰው ነው?» ብለው ነበር። ቢሆንም ሰንበት ወጥቶ ዘመድ ሊጠይቁ ሲሄዱ ከፊት ወንበር የሚቀመጡት እሳቸው ነበሩ።

ዛሬ ያ ጓደኛችን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ከትምህርት በተረፈው ጊዜ ከአጎቱ ጋር መዝጋን ይገጥማል። መሰላል፣ የመዳብ ቱቦና የመዝጋን ሞተር በሙስታንግ ኮፈን ላይ አይጫንም። ስለዚህ መኪናውን ሰጥቶ፣ ልዩነቱን ከፍሎ አዲስ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ለመውሰድ ወሰነ።

አንድ የመኪና መሸጫ ገባ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቡና ቀረበለት፣ መኪናው ታየለት፣ ወረቀት ተዘጋጀለት። ወረቀቱ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር የወር ክፍያው ብቻ ነበር። ከታች አባቱ በዋስነት የሚፈርሙበት ቦታ ተከፍቷል። አባቱ ዕብራይስጥ ይናገራሉ እንጂ ውል አያነቡም። ጓደኛችን «ነገ እንመለሳለን» ብሎ ወጣ። ያን ማታ ወረቀቱን ይዘን ከአባቱ ጋር ተቀመጥን። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ያን ማታ ያሰላነው ለሌሎች ቤተሰቦችም ይጠቅማል ብለን ነው።

የገበያው ሕግ ያው ነው

ነገሩን ስናስረዳቸው አባቱ ሳቁ። «ይህማ የከብት ገበያ ነው» አሉ። በጎንደር ገበያ ያረጀ በሬውን ይዞ የሚሄድ ገበሬ ወይፈን ሲያይ «በሬዬን ውሰድ፣ ይህን ያህል ልጨምርልህ» ይላል። ደላላው የበሬውን ጥርስ ያያል፣ እግሩን ይነካል፣ እንከን ያወጣል። ብልጥ ገበሬ ግን አስቀድሞ ሁለት ነገር ጠይቆ ይመጣል፤ በሬዬ ብቻውን ቢሸጥ ስንት ያወጣል? ወይፈኑስ በጥሬ ገንዘብ ስንት ነው? ሁለቱን ሳያውቅ በጭማሪው ላይ ብቻ የሚከራከር ሰው የተሸወደበትን ቦታ አያገኘውም።

የመኪና ለውጥም እንዲሁ ነው። ሻጩ ለአሮጌው መኪና ጥሩ ዋጋ ሰጠሁ ብሎ ከአዲሱ ላይ ማድረግ የሚችለውን ቅናሽ ሊያስቀር ይችላል። በአንዱ ኪስ የገባው በሌላው ይወጣል። ስለዚህ ሦስት ቁጥሮችን ለየብቻ ጠይቁ፣ ለየብቻም አስጽፉ። አንደኛ፣ አሮጌ መኪና ሳንሰጥ አዲሱ ስንት ነው? ሁለተኛ፣ አሮጌውን ብቻ ብንሸጥላችሁ ስንት ትከፍላላችሁ? ሦስተኛ፣ ብድሩ እስኪያልቅ ከኪሳችን በድምሩ ስንት ይወጣል? የወር ክፍያ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱም አይደለም።

የአሮጌው መኪና ዋጋ

በእስራኤል ያገለገለ መኪና ዋጋ መነሻው የሌዊ ይጽሐቅ የዋጋ ዝርዝር ነው። እዚያ የሚገኘው ዋጋ ግን እንዳለ አይወሰድም። መኪናው ብዙ ኪሎ ሜትር ከተጓዘ፣ ብዙ ባለቤት ካለፈበት ወይም ቀድሞ የኪራይ መኪና ከነበረ ይቀነሳል። መሸጫ ቤቱ ደግሞ አትርፎ የሚሸጠው ስለሆነ ከዝርዝሩ ዝቅ አድርጎ መግዛቱ የሚጠበቅ ነው። እናንተ ለግለሰብ ብትሸጡ የተሻለ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ዋጋው ግን ስልክ መመለስ፣ ለሰው ማሳየትና መጠበቅ ነው። ልዩነቱ ጥቂት ሺህ ሸቅል ብቻ ከሆነ ድካሙን መሸጫ ቤቱ ቢወስደው አይከፋም። ሰፊ ከሆነ ግን ለአንድ ተማሪ የብዙ ወር የቤት ኪራይ ነው።

እዚህ ላይ ከወላጆቻችን ጋር የማንግባባበት አንድ ነገር አለ። በኢትዮጵያ መኪና እንደ ቤት የሚቆጠር ሀብት ነው። ከውጭ የሚገባው ላይ የሚጣለው ቀረጥና ግብር ከባድ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አሥርታት ያስቆጠረ ቮልስ እንኳ ጥሩ ዋጋ ያወጣል። በ2024 ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። እዚህም ግብሩ ከባድ ነው፤ በአዲስ የግል መኪና ላይ የግዢ ግብሩ መነሻ 83 በመቶ ነው፣ በዚያ ላይ ማዓም ይጨመራል። ነገር ግን እዚህ መኪና በየዓመቱ ዋጋው ይወርዳል፤ አዲሱ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሁሉ በላይ ይወርዳል። «አዲስ ስለሆነ ገንዘባችን አይጠፋም» የሚለው የአባቶቻችን አስተሳሰብ በሃይፋ አይሠራም።

ብድሩ

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። የተሰጠው ብድር «ባሎን» የሚባለው ዓይነት ነበር። በየወሩ ጥቂት ትከፍላላችሁ፣ በመጨረሻው ቀን ግን ትልቅ ድርሻ በአንድ ጊዜ ይጠበቃል። እኛ ለምሳሌ ይሆን ዘንድ በክብ ቁጥር አስልተነዋል። 120,000 ሸቅል በዓመት 6 በመቶ ወለድ ለ60 ወር ተበደርን እንበል። እኩል እየከፈልን ብንጨርስ ወርሃዊው 2,320 ሸቅል ገደማ ነው፤ ጠቅላላ ወለዱ ወደ 19,200 ይደርሳል። ግማሹን፣ ማለትም 60,000ውን፣ ለመጨረሻ ብናቆየው ወርሃዊው ወደ 1,460 ይወርዳል። ደስ ይላል። ወለዱ ግን ወደ 27,600 ከፍ ይላል፤ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻም 60,000 ሸቅል በአንድ ቀን ይፈለጋል። ያን ቀን ገንዘቡ ከሌለ ወይ መኪናው ይሸጣል፣ ወይ ሌላ ብድር ይወሰዳል።

ባሎን ለሁሉም መጥፎ ነው አንልም። በመጨረሻ የሚገባ ገንዘብ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። ተማሪ ግን ከአምስት ዓመት በኋላ የት እንደሚሆን አያውቅም። ዋስ የሆነ አባት ደግሞ ልጁ ካልከፈለ ዕዳው ወደ እሱ እንደሚዞር ማወቅ አለበት። ለብዙዎቹ ወላጆቻችን ዋስ መሆን «ልጄ ጨዋ ነው» ብሎ መመስከር ይመስላቸዋል። በውሉ ላይ ግን ምስክርነት ሳይሆን ዕዳ ነው የሚፈረመው። ስለዚህ ውሉን እኛ ልጆቻቸው ቃል በቃል በአማርኛ ልናነብላቸው ይገባል፤ «ዝም ብለህ ፈርም አባ» ማለት ነውር ነው።

ሃይፋ ተራራ ናት

ሙስታንግ በእንግሊዝኛ የዱር ፈረስ ነው። ፒክአፑን ምን እንበለው ስንል አባቱ «በቅሎ ነዋ» አሉ። በሰሜን ተራሮች ያደገ ሰው በቅሎን አይንቅም። ከፈረስ ዋጋዋ አያንስም፣ ገደል ትወጣለች፣ ጭነት ትችላለች። ብቻ የበቅሎን ጠባይ አውቆ መግዛት ያስፈልጋል።

እንደ ኢሱዙ ዲማክስና ቶዮታ ሃይሉክስ ያሉ ደብል ጋቢና ፒክአፖች ከ5 ሜትር በላይ ይረዝማሉ፤ ሙስታንግ 4.8 ሜትር አካባቢ ነው። ግማሽ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ በሐዳር ጠባብ መንገዶች ማታ መኪና ማቆሚያ የፈለገ ግን ትርጉሙን ያውቀዋል። ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ ይጭናሉ፤ ባዶ ሲሆኑ ግን ኋላቸው ቀላል ነው፤ በዝናብ ቀን ከካርሜል ቁልቁል ሲወረድ የኋላ ጎማ ሊንሸራተት ይችላል። ብዙዎቹ በናፍታ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ አዲሶቹ የጭስ ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው ራሱን የሚያጸዳው ሞተሩ በደንብ ሞቆ ረጅም መንገድ ሲሄድ ነው። ከነቬ ሻአናን ቼክ ፖስት ብቻ የሚመላለስ ሰው ማጣሪያው ሊደፈንበት ይችላል፤ አልፎ አልፎ አውራ ጎዳና ላይ ማውጣት ያስፈልጋል። አሮጌ የናፍታ ፒክአፕ በርካሽ ለመግዛት የምታስቡም ብትሆኑ፣ ሃይፋ ከ2018 ጀምሮ በካይ የናፍታ ተሽከርካሪዎችን የምትገድብ ከተማ መሆኗን አትርሱ። ከመግዛታችሁ በፊት ያ መኪና ከተማ ውስጥ መግባት ይችል እንደሆነ አጣሩ።

ኢንሹራንሱንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ወጣትና አዲስ ነጂ የበለጠ ይከፍላል፤ ለሥራ የሚውል መኪናም የተለየ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። መሣሪያ ጭናችሁ እየሠራችሁ ለግል ብቻ ብላችሁ ካስመዘገባችሁ፣ አደጋ ሲደርስ ክርክሩ ከእናንተ ጋር ይሆናል። ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነም የትኛው ወጪ ከግብር እንደሚቀነስ ሂሳብ ሠራተኛችሁን ከመግዛት በፊት እንጂ ከገዛችሁ በኋላ አትጠይቁ።

ስም ሳይዛወር ቁልፍ አይሰጥም

አሮጌው መኪና ላይ ገና ያላለቀ ብድር ካለ ሺዕቡድ ተመዝግቦበታል፤ እሱ ሳይነሳ ስም አይዛወርም። ዝውውሩ በፖስታ ቤት ወይም በትራንስፖርት ሚኒስቴር ድረ ገጽ ይፈጸማል። «እኛ እንጨርሰዋለን» ቢባሉም ወረቀቱን በእጃችሁ ሳትይዙ ቁልፉን አትስጡ። ስማችሁ ላይ እስካለ ድረስ የመኪና ማቆሚያ ቅጣቱም የመንገድ 6 ክፍያውም የሚመጣው በእናንተ አድራሻ ነው። ከተዛወረ በኋላ ደግሞ ኢንሹራንሱን ሰርዛችሁ የቀረውን ጊዜ ገንዘብ መልሱልን በሉ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ባናስወጣውስ?

ጓደኛችን አንድ ማታ «ላቆየው ይሆን?» ብሎ ነበር። ምክንያት አለው። እንዲህ ያሉ መኪኖች እየጠፉ ነው። የመጀመሪያው ሙስታንግ በሚያዝያ 1964 ኒውዮርክ ላይ ታየ፤ በዚያ ዘመን አሜሪካኖች በትልቅ ሞተር የሚጮኹ መኪኖችን ይወዱ ነበር። በ1973 ከዮም ኪፑር ጦርነት ጋር የመጣው የነዳጅ ማዕቀብ ያን ዘመን ሰበረው። ያው የነዳጅ ችግር እዚህ አገር እያንዳንዱ ባለመኪና በሳምንት አንድ ቀን መኪናውን እንዲያቆም አስገደደ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር በየካቲት 1974 የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ ንጉሡን ወደጣለው አብዮት ካመሩት ክስተቶች አንዱ ሆነ። በቅርቡ የዶጅ ቻሌንጀርና የሸቭሮሌ ካማሮ ምርት በ2023 መጨረሻ ቆሟል። በአሜሪካ ገበያ የነገሠው ፒክአፕ ነው።

ቢሆንም መኪና ስለጠፋ ብቻ አይወደድም። በእስራኤል የሰብሳቢ መኪና ተብሎ በቅናሽ ለመመዝገብ 30 ዓመት መሙላት አለበት፤ ያኔም በጠዋቱ የትራፊክ ሰዓት መንገድ ላይ አይወጣም። የእኛ ጓደኛ መኪና እዚያ እስኪደርስ ቴስት፣ ኢንሹራንስና ማቆሚያ እየከፈለ ከአሥር ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት። ሃይፋ ራሷ ይህን ታውቃለች፤ ከአጠገቧ ቲራት ካርሜል ውስጥ አውቶካርስ የሚባለው ፋብሪካ በ1960ዎቹ ሱሲታ የተባለች መኪና ይሠራ ነበር። ስሟ በአራማይክ ባዝራ ማለት ነው። አካሏ ፋይበርግላስ ስለነበር ግመል በላት እየተባለ ይቀለድባት ነበር። ያኔ ርካሽ የሥራ መኪና ነበረች፤ ዛሬ ጥቂቶቹ የተረፉት የሚፈለጉ ሆነዋል። የተረፉት ግን ብዙዎቹ ከተጣሉ በኋላ ነው።

ጓደኛችን በመጨረሻ ሙስታንጉን ለግለሰብ ሸጠ፤ አምስት ሳምንት ፈጀበት። ፒክአፑን ከሌላ ቦታ፣ ካሰበው ቀለል ያለውን፣ በእኩል ክፍያ ወሰደ። ብድሩ ስላነሰ አባቱ ዋስ መሆን አላስፈለጋቸውም። ቁልፉን ያስረከበ ቀን ገዢው ጥጉን እስኪዞር ቆሞ አየው። እናቱ አሁን ወደ ፒክአፑ ለመውጣት እጃቸውን የሚይዝላቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ የሚቀመጡት ግን ያው ከፊት ነው።

የብድር ወይም የዋስትና ወረቀት ቀርቦላችሁ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ለአንድ ቀን ወደ ቤት ውሰዱት። ከአባትና ከእናታችሁ ጋር በአማርኛ አንብቡት፣ ሦስቱን ቁጥሮች ከጎኑ ጻፉ። አንድ ቀን መጠበቅ የማይችል ሻጭ ቢኖር፣ እሱም የሚነግራችሁ ነገር አለ ማለት ነው።