ኮሶ ትሉን ይገድላል፤ እኛንስ?



በዓል ባለፈ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ኮሶ ብጠጣ ችግር አለው?» ዛሬ በደንብ ልመልሰው።

መጀመሪያ ግን ስለ አንድ ታካሚዬ ላውራችሁ። ወጣት ነው፣ ጥሬ ሥጋ ይወዳል። የውስጥ ልብሱ ላይ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ሐኪም ቤት መምጣት አፈረ። ኮሶ ከገበያ ገዝቶ፣ ራሱ በጥብጦ በባዶ ሆዱ ጠጣ። «እንዳያንሰኝ» ብሎ ደግሞ ጨመረበት። ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ውሎ ማታ ቤተሰቦቹ ደግፈው አመጡት። እኔን ያስደነገጠኝ ተቅማጡ አልነበረም። «ዶክተር፣ ዓይኔ ጭጋግ ሆነብኝ» ማለቱ ነው።

እሱ ዕድለኛ ነበር፤ ከቀናት በኋላ ዓይኑ ተመለሰለት። የማይመለስለትም ሰው አለ።

ኮሶ በእርግጥ ይሠራል?

አዎ፣ ይሠራል። አያቶቻችን ዝም ብለው አልጠጡትም። ኮሶ በደጋው አገራችን የሚበቅል ዛፍ ነው። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ሲሆኑ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴዋ አበባ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ድረስ ተወስዶ እዚያም ለዚሁ ትል ይሰጥ ነበር። ትሉ እንኳ በአማርኛ ስሙን ያገኘው ከመድኃኒቱ ነው፤ «የኮሶ ትል» የምንለው ለዚህ ነው።

አበባው ውስጥ ኮሲን እና ኮሶቶክሲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። የትሉን ጡንቻ ያሽመደምዱታል፤ አንጀት ላይ የያዘውን ይለቃል፤ ከዚያ ኮሶው ራሱ ስለሚያስቀምጥ ጠራርጎ ያወጣዋል።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?

ትሉን የሚመርዘው ንጥረ ነገር እኛንም ይመርዛል። መጠኑ ሲበዛ ከባድ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ራስን መሳትና የዓይን ነርቭ ጉዳት ያመጣል። በአውሮፓ ለትል ይሰጥ የነበረ የፈርን ሥርም ነበር፤ ተመሳሳይ የኬሚካል ቤተሰብ ነው፣ እሱም ዓይን ያጠፋ ነበር።

«እናቴ ስትጠጣ ምንም አልሆነችም» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ምንም አይሆንም። ግን በአንድ ስኒ ኮሶ ውስጥ ምን ያህል ኮሶቶክሲን እንዳለ ማንም አያውቅም። አንዱ አበባ ከሌላው ይለያያል፤ የእናታችሁ እፍኝና የእናንተ እፍኝም አንድ አይደለም።

ሌላም አለ። የትሉ ጭንቅላት አንጀት ላይ ከቀረ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ተመልሶ ያድጋል። የድሮ ሰዎች በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ የነበረው አንድም ለዚህ ነው፤ አንድም ጥሬ ሥጋውን ስላልተዉት!

ስለዚህ ምን እናድርግ?

1. ነጭ ቁራጭ ካያችሁ አትፈሩ፣ አትፈሩም ብቻ ሳይሆን አትፈሩበት፤ ማለትም አትሸማቀቁ። ለእኛ ለሐኪሞች ይህ የየቀን ሥራ ነው። የሰገራ ምርመራ አድርጉ።

2. ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጡ ናቸው፤ መጠናቸውም የታወቀ ነው። ግን በሐኪም ትዕዛዝ ይሁን። በተለይ የሚጥል በሽታ ያለባችሁ ወይም እርጉዝ የሆናችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

3. እርጉዞች፣ የምታጠቡ እናቶችና ሕፃናት ኮሶ ፈጽሞ አይጠጡ።

4. «ሆዴን ልጠበው» ብላችሁ አትጠጡ። ኮሶ የአሜባ፣ የጃርዲያ ወይም የጨጓራ መድኃኒት አይደለም።

5. ጠጥታችሁ ዓይናችሁ ከደበዘዘ፣ ራሳችሁን ከሳታችሁ ወይም ትውከቱ አልቆም ካለ እስኪነጋ አትጠብቁ። ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ኮሶ መጠጣታችሁንም አትደብቁ።

መከላከያውስ? ሥጋውን በደንብ ማብሰል ነው። አዋዜ፣ ሚጥሚጣና አረቄ የትሉን እጭ አይገድሉትም። ፍሪጅ ውስጥ ማሳደርም፣ ክትፎውን ለብለብ ማድረግም አይበቃም።

የአያቶቻችንን ዕውቀት እየናቅሁ አይደለም። ዛፉን አውቀው ተጠቅመውበታል፤ ያኔ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። እኛ ግን አለን። ትል አስወጣለሁ ብላችሁ ዓይናችሁን አትጡ።

በቤታችሁ ኮሶ የሚጠጣ ሰው ካለ ይህን አንብቡለት። ጤናችሁ ይብዛ!