ገበያ እየዋሉ ራስን ማወቅ

«ራስን ማወቅ» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ጢሙን አሳድጎ ዋሻ ውስጥ የተቀመጠ ባሕታዊ ነው። በሂንዱ ሃይማኖትም ቤት ንብረታቸውን ጥለው የሚመንኑ አሉ፤ ሳንያሲ ይባላሉ። ታዲያ ወጥ የምትሠራዋ፣ ልጅ የሚያሳድገው፣ ጠመኔ ይዞ ክፍል የሚገባው ሰው ዕድል የለውም ማለት ነው? የሂንዱ መጻሕፍት ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ለእኛ ለዕጩ መምህራንም ሳይጠቅም አይቀርም።

በመጀመሪያ ቃሉን እናብራራ። በእነዚህ ትምህርቶች መሠረት በሰው ውስጥ የማይለወጥና የማይሞት ማንነት አለ፤ ስሙም አትማን ነው። ሰው ግን ራሱን ከአካሉ፣ ከሹመቱ፣ ካገኘውና ካጣው ነገር ጋር ያምታታል። ከዚህ መምታታት መውጣት ነው እንግዲህ ራስን ማወቅ የሚባለው።

ማሃባራታ በተባለው የሕንዶች ጥንታዊ ታላቅ የግጥም መጽሐፍ ውስጥ አንድ ታሪክ አለ። ካውሺካ የሚባል ከካህናት ወገን የሆነ ሰው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅዱስ ቃሉን ሲደግም፣ አንዲት ወፍ ከላይ ኩሷን ጣለችበት። በቁጣ ቀና ብሎ ቢያያት ሞታ ወደቀች። ከዚያም ምጽዋት ሊለምን ወደ አንድ ቤት ሄደ። እመቤቲቱ ጠብቀኝ ካለችው በኋላ ባሏ ርቦት መጣና እሱን ስታስተናግድ ለማኙን አቆየችው። ካውሺካ ተቆጣ። ሴትዮዋ ግን እንደዚያች ወፍ በዓይኑ ሊገድላት እንደማይችል ነገረችው። ማንም ያላየውን ነገር እንዴት አወቀች? እሷ የምታውቀው የቤቷን ኃላፊነት በሚገባ መወጣት ብቻ ነበር። የቀረውን እንዲማር ሚቲላ ወደሚባል ከተማ፣ ወደ አንድ ሰው ላከችው። ካውሺካ ደርሶ ቢያይ ሰውዬው ገበያ መሀል ሥጋ የሚሸጥ ነው! ሥጋ ሻጩ ገና ሳይጠየቅ እንግዳው ለምን እንደመጣ ነገረው፤ ቤቱም ወስዶ የሚጦራቸውን አሮጌ እናትና አባቱን አሳየው። ካውሺካ ደግሞ የራሱን ወላጆች ሳያስፈቅድ ጥሎ የመጣ ነበር። ወደ እነሱ እንዲመለስ ተመከረ።

ይኸው ሐሳብ በሰፊው የሚገኘው በባጋቫድ ጊታ ነው። ጊታ የማሃባራታ ክፍል ሲሆን 18 ምዕራፎችና 700 ያህል አንቀጾች አሉት። አርጁና የተባለው ጦረኛ ከዘመዶቹ ጋር መዋጋት አስጨንቆት ሁሉን ልተው ሲል፣ ክሪሽና ካርማ ዮጋን፣ ማለትም የሥራን መንገድ ያስተምረዋል። ሥራህን አትተው፤ ልብህ ግን በፍሬው ላይ አይንጠልጠል ነው ነገሩ። አንዳንዱ ይኸን ሲሰማ ግዴለሽ ሁኑ የተባለ ይመስለዋል። አይደለም። አንድ መምህር ሩቅ ወረዳ ተመድቦ ፊደል ያስቆጠረው ሕፃን የት እንደደረሰ ላያይ ይችላል። ሱፐርቫይዘር ይመጣል ብሎ ብቻ የትምህርት ዕቅድ የሚያዘጋጅ ከሆነ፣ ሱፐርቫይዘሩ የቀረ ዕለት ምን ሊያደርግ ነው? ካርማ ዮጋ የሚለው በዚያም ቀን እኩል አዘጋጅ ነው።

ይሁንና አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። እያንዳንዱ በራሱ ሥራ ይጽና የሚለው ትምህርት ሰውን በተወለደበት ጎሣና ሙያ አስሮ ለማስቀመጥም አገልግሏል። «የማይነኩ» ከሚባሉት ወገን የተወለዱት፣ የሕንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ የመሩት ዶክተር አምቤድካር፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ናግፑር ላይ ከብዙ መቶ ሺህ ተከታዮቻቸው ጋር ወደ ቡድሃ ሃይማኖት የገቡት በከንቱ አልነበረም። እንደ እኔ አስተያየት ትምህርቱ የሚጠቅመው ሰው መርጦ ለያዘው ሥራ ሲሆን ነው።

ጀምሮ መጽናቱስ? አርጁናም ሐሳብን መግታት ነፋስን እንደመያዝ ከበደኝ ብሎ ያማርራል። የሚሰጠው መልስ ተአምር የለበትም፤ ዘወትር መለማመድና ምኞትን መቀነስ ነው። መሀል መንገድ ላይ የደከመም ልፋቱ እንደማይጠፋ በስድስተኛው ምዕራፍ ተነግሮታል።

ማህተመ ጋንዲ ደቡብ አፍሪካ በጥብቅና ሲሠራ ጊታን ለማጥናት ጊዜ ያገኘው ጥርሱን ሲያጸዳ ነበር። ለዚህ 15 ደቂቃ ይወስድ ስለነበር አንቀጾቹን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ፊት ለፊቱ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል (የግድግዳ ጋዜጣ መሆኑ ነው!)፤ እየፋቀ ያነባል። በዚህ ዓይነት 13 ምዕራፎች በቃሉ ያዘ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ በዛበትና የቃል ጥናቱን ተወው።