ከዶሃ በረሃ ወደ ከፋ ደን፦ የተማሪው ስንቅ

በዶሃ ዓመቱን ሙሉ የሚወርደው ዝናብ በአማካይ ከ80 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በከፋ ደኖች ግን በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። በኳታር የሥነ ምህዳር ትምህርት የሚከታተል ኢትዮጵያዊ ተማሪ ለመስክ ጥናት የዝናብ ደን ሲመርጥ፣ አማዞን ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ዝግጅቱንም እዚሁ ዶሃ ሊጀምር ይችላል።

ቀዳሚው መለማመጃ ከዶሃ በስተሰሜን፣ በአል-ኾር አቅራቢያ የሚገኘው የአል-ዘኺራ የማንግሩቭ ደን ነው። በዚያ የሚበቅለው ዛፍ በጨዋማ ውኃ ውስጥ ቆሞ ትርፉን ጨው በቅጠሎቹ ያስወጣል፤ ከጭቃው በላይ ብቅ በሚሉ ሥሮቹም አየር ይስባል። ሳይንሳዊ መጠሪያው አቪሴኒያ ማሪና ሲሆን፣ አቪሴኒያ የሚለው ስም የተወሰደው ከታላቁ ሙስሊም ሐኪም ከኢብን ሲና ነው። ተማሪው በዚህ ስፍራ የናሙና ቦታ በገመድ መከለልን፣ ዛፍ መቁጠርንና የታየውን ሁሉ በዕለቱ መመዝገብን ይለማመዳል። ትልልቅ የደን ዛፎች የሚለኩት ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ መሆኑንም አስቀድሞ ይወቅ። በኤጁኬሽን ሲቲ የሚገኘው የቁርኣን ዕፅዋት አትክልት ስፍራ ደግሞ በቁርኣንና በሐዲስ የተጠቀሱ ዕፅዋትን በቅርብ አይቶ የመለየት ዕድል ይሰጠዋል።

የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ከላይ እንደ ቀራሮ ያሉ ረጃጅም ዛፎች፣ በጥላቸው ሥር የዱር ቡና፣ ከመሬቱ አጠገብ ደግሞ ኮሮሪማ ይበቅላሉ። የየመን ሱፊዎች በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሌሊት ዚክር መትጊያ ያደረጉት፣ ዛሬ በዶሃ መጅሊሶች ለእንግዳ የሚቀዳው የዐረቢካ ቡና የዱር ዘር መገኛው ይህን የመሰለ የኢትዮጵያ ደን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ከ124 የቡና ዝርያዎች 60 በመቶው የመጥፋት አደጋ እንዳንዣበበባቸው አሳይቷል፤ የዱር ዐረቢካም ከእነዚሁ አንዱ ነው። በሽታንና ድርቅን የሚቋቋም ቡና ለማዳቀል የሚፈለገው ባሕርይ በዚህ የዱር ዘር ውስጥ ስላለ፣ ደኑ በተመነጠረ ቁጥር የገበሬው የነገ መተማመኛም አብሮ ይመናመናል።

ስለዚህ የተማሪው ስንቅ ውኃ የማያስገባ ጫማና የዝናብ ልብስ ብቻ አይደለም። ስለ ክትባትና ስለ ወባ መከላከያ ከጉዞው ሳምንታት ቀደም ብሎ ሐኪም ያማክር። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የዕፅዋትን ዘረ መልና የማኅበረሰብን ዕውቀት የሚጠብቅ በመሆኑ፣ ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ሳያገኝ ናሙና አይውሰድ፤ ደኑን ጠብቀው ያቆዩ አባቶችና እናቶች የሚነግሩትንም የዕውቀቱን ባለቤቶች ጠቅሶ ይመዝግብ፤ ይህ አማና ነውና። ኮምፓስም አይርሳ። በዶሃ ቂብላ ወደ ምዕራብ፣ ጥቂት ወደ ደቡብ ያዘነበለ ሲሆን፣ በከፋ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ነው፤ በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ደግሞ ፀሐይም ሆነ የስልክ መረብ ላይገኝ ይችላል።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆንለት አስተምረዋል። የከፋን ደን ማንም አልተከለውም፤ ስንቱ ግን ከእርሱ ይበላል! ተማሪው መዝግቦ የሚመለሰው ዕውቀት ይህ ማዕድ እንዳይታጠፍ ሊያግዝ ይችላል።