ስክሪኑ ተቆልፏል፤ ሰነዱስ?

ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ኮምፒውተር ሲበራ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ቃሉ ካልተገኘ አያስገባም። ተጠቃሚውም ይህን አይቶ የደመወዝ ዝርዝሩ፣ የውል ቅጂው፣ የቤተሰቡ ፎቶግራፍ ሁሉ ተጠብቋል ብሎ ያምናል። እምነቱ ግማሽ እውነት ነው። የመግቢያ ይለፍ ቃል ኪቦርዱ ፊት የተቀመጠውን ሰው ያግዳል፤ የማሽኑን ሽፋን ፈትቶ ዕቃውን የሚያወጣውን ግን አያግድም። ቃሉ በእርግጥ የሚጠብቀን ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ ሰነዱ ያለበት ዲስክ ሲመሰጠርና ቃሉ ራሱ ረጅም ሲሆን። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሌላው ብዙም አይረዳም።

ፋይሎቻችን የሚቀመጡት ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ደግሞ ዊንዶውስ ነው። ዊንዶውስ ካልተነሣ ጠያቂም የለም። አንድ ሰው የዴስክቶፑን ጎን በካቻቢት ከፍቶ ዲስኩን ነቅሎ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ቢያገናኘው፣ ያልተመሰጠሩት ሰነዶች ልክ እንደ ፍላሽ ይዘት ተዘርዝረው ይታዩታል። ዲስኩን ሳይነቅል፣ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ በተጫነበት ፍላሽ ማሽኑን ቢያስነሣም ውጤቱ ያው ነው። ፓስወርዱን ረስቶ ወደ ጥገና ቤት የሚሄድ ደንበኛ ፋይሎቹን አግኝቶ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህና በመሳሰሉት መንገዶች ነው። ለደንበኛው የተከፈተው መንገድ ለሌባም ክፍት ነው።

ይህ ድክመት የዊንዶውስ ብቻ አይደለም፤ ከይለፍ ቃል ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በፈርናንዶ ኮርባቶ የሚመራ ቡድን ብዙ ሰዎች አንድ ኮምፒውተር በጋራ የሚጠቀሙበትን ሥርዓት ሲሠራ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ይለፍ ቃል እንዲኖረው አደረገ። በ1962 ግን አለን ሼር የተባለ ተማሪ የተመደበለት የኮምፒውተር ሰዓት አልበቃ ስላለው፣ ቃሎቹ ሁሉ የተጻፉበትን ፋይል እንዲያትምለት ማሽኑን አዘዘ፤ ማሽኑም አተመለት። ሼር የማንንም ቃል መገመት አላስፈለገውም። ፋይሉ ሳይመሰጠር በግልጽ ተቀምጦ ነበርና ወስዶ አነበበው።

መፍትሔው ኢንክሪፕሽን ነው፤ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ያለ ቁልፉ ወደማይነበብ ኮድ ይለውጠዋል። በዊንዶውስ ፕሮ ላይ ቢትሎከር ይህን ይሠራል። ሆም በተባለው ዕትም ማሽኑ የሚፈቅድ ከሆነ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን የሚል ቀለል ያለ አማራጭ ይገኛል። የአፕል ኮምፒውተሮች ፋይልቮልት አላቸው፤ ቬራክሪፕት የተባለው ፕሮግራም ደግሞ በነጻ ይገኛል። ዲስኩ ከተመሰጠረ በኋላ ነቅሎ የወሰደው ሰው ትርጉም የለሽ ኮድ ብቻ ያገኛል። ሰነዱን ለማየት እንደገና ወደ መግቢያው ስክሪን መመለስ ይኖርበታል። የይለፍ ቃሉ እውነተኛ ዘብ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ጠንካራ መሆን ያለበትም ለዚህ ነው።

ጠንካራ ቃል ግን ምን ዓይነት ነው? ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን በ1979 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት 3,289 የይለፍ ቃሎችን መርምረው ነበር፤ ከእነዚህ 86 በመቶው ወይ እጅግ አጭር፣ ወይ ከመዝገበ ቃላትና ከስም ዝርዝር የሚገኙ ሆኑ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ለዚህ የሰጡት መልስ ትልቅ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ይቀላቀል፣ በየሦስት ወሩም ይቀየር የሚል ነው። ስሌቱ ግን የሚያደላው ለርዝመት ነው። ኪቦርዱ ላይ ካሉት 95 ምልክቶች በዕጣ የተመረጡ 8 ምልክቶች የሚሰጡት አማራጭ ወደ 6.6 ሺህ ትሪሊዮን ነው፤ ከ26ቱ ትንንሽ የላቲን ፊደላት በዕጣ የተመረጡ 12 ፊደላት ግን ወደ 95 ሺህ ትሪሊዮን፣ ማለትም ከ14 እጥፍ በላይ ይሰጣሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋምም በ2017 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ቃሉ ለመውጣቱ ማስረጃ ከሌለ በየጊዜው ማስቀየር እንዲቀር መክሯል። ቀይሩ የተባለ ሰው መጨረሻ ላይ ያለውን 1 ወደ 2 ያዞራልና። ስለዚህ እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ወይም አምስት የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል አያይዞ መጻፍ፣ ለማስታወስም ለጥንካሬም ከአንድ የተወሳሰበ ቃል ይሻላል። ተረትና ምሳሌ ወይም የታወቀ የዘፈን ስንኝ ግን አይሆንም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ዲስክ በማመስጠር ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። መብራት መሀል ላይ ቢጠፋ ፋይሉ ይበላሻል የሚለው ስጋት መሠረት ቢኖረውም፣ ቢትሎከር ሥራው ቢቋረጥ ማሽኑ ሲበራ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ቢሆንም አስቀድሞ ቅጂ ማስቀረት ግድ ነው። ቃሉን ብረሳውስ የሚለው የበለጠ ይከብዳል፤ የተመሰጠረ ዲስክ ባለቤቱንም አይምርምና። ቢትሎከር ለዚህ ሲል 48 አኃዝ ያለው የመጠባበቂያ ቁልፍ ይሰጣል። ይህ ቁልፍ በወረቀት ታትሞ ከኮምፒውተሩ ርቆ መቀመጥ አለበት። ዴስክቶፕ እንደ ላፕቶፕ ከቤት አይወጣም የሚሉም አሉ፤ ሆኖም ለጥገና ይሄዳል፣ ይሸጣል፣ ይሰረቃል። የምደብቀው የለኝም ለሚለው ደግሞ መልሱ፣ በማሽኑ ላይ ያለው የእሱ ብቻ አለመሆኑ ነው። በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ የስንት ሰው መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ተቀምጦ ይቀራል! የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሳይፈቀድለት ወደ ሌላው ሰው ኮምፒውተር የሚገባን ያስቀጣል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ የያዘው ራሱ እንዲጠነቀቅ ያስገድዳል። ሆኖም ቅጣት የወጣን መረጃ አይመልስም።

እንግዲህ ዛሬውኑ ሴቲንግስ ውስጥ «አካውንትስ» የሚለውን ከፍተው ረጅም የይለፍ ቃል ያስገቡ፤ ማሽኑን ለሚጋራ እያንዳንዱ ሰው የራሱን አካውንት ይክፈቱለት። ከመቀመጫዎ ሲነሡ የዊንዶውስ ቁልፉንና «ኤል»ን አብረው ይጫኑ። ከዚያ ቅጂ ያስቀሩ፣ ዲስኩን ያመስጥሩ፣ የመጠባበቂያ ቁልፉን አትመው ሌላ ቦታ ያኑሩ። ቃሉን በወረቀት ጽፈው ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ከለጠፉት ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው።