ሣጥኑ ሲለወጥ መዝገቡ ወዴት ይገባል?

በዛሬው ዘመን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት የሚገባ ወጣት ባለሙያ ወንበሩ ሳይሞቅ ከሚታዘዛቸው ሥራዎች አንዱ «የመዝገብ ቤቱን ፕሮግራም በራሳችን ኮምፒውተሮች ላይ ትከልልን» የሚል ነው። ወጣቱም ስለ ኮንቴነርና ስለ ኩበርኔቲስ በተማሪ ቤት ሲወራ ሰምቷልና፥ አንድ ከሰዓት በኋላ ደክሞበት ፕሮግራሙ በስክሪኑ ላይ ሲከፈት ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን የባለጉዳዩ ማመልከቻና የሠራተኛው የጡረታ መዝገብ ያሉት በዓይን በሚታየው ፕሮግራም ሳይሆን ከበስተኋላው ባለው የመረጃ ቋት ውስጥ ነው፤ ጣጣውም እዚያ ነው።

ኮንቴነር የሚለው ስም በሞጆ ደረቅ ወደብ ተደርድሮ የምናየውን የብረት ሣጥን ያስታውሳል። ፕሮግራሙ ከነጓዙ ይታሸግና የትም ቢወስዱት ያው ሆኖ ይሠራል። ክላስተር በተባለው የኮምፒውተሮች ማኅበር ላይ እነዚህን ሣጥኖች የሚያሰማራው ኩበርኔቲስ ደግሞ በጉግል መሐንዲሶች ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዓለም የቀረበ ነው፤ ቃሉ በግሪክኛ የመርከብ መሪ ማለት ነው። ይህ መሪ አስታማሚ አይደለም። አንዱ ሣጥን ቢታመም ይጥለውና በምትኩ አዲስ ያቆማል፤ በአሮጌው ሣጥን ውስጥ ብቻ የተጻፈ ነገር ቢኖር አብሮ ይጠፋል። ባለሙያዎቹ ይህን ሲያስረዱ ኮንቴነር ስም የሌለው ከብት እንጂ ስም ያለው የቤት እንስሳ አይደለም ይላሉ። (በሬውን በስም እየጠራ የሚያርሰው የእኛ ገበሬ ይህን ምሳሌ ቢሰማ ምን እንደሚል እንጃ!) የመረጃ ቋት ግን ስም ሳይኖረው አይሆንለትም። ስለዚህ ለእርሱ የሚስማማ አሠራር በተዘጋጀ ጊዜ በመጀመሪያ የወጣለት ስም «ፔትሴት»፥ ማለትም የቤት እንስሶች ስብስብ፥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ «ስቴትፉልሴት» ተባለ። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ቅጂ ቋሚ ስምና ከሣጥኑ ውጭ የሆነ የራሱ ማከማቻ ያገኛል፤ ሣጥኑ ቢለወጥ አዲሱ መጥቶ ያንኑ ማከማቻ ይረከባል።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ይሰናከላል። ፖስትግሬስን የመሰለ የመረጃ ቋት ተክሎ የቅጂውን ቁጥር ከ1 ወደ 3 ከፍ ያደረገ ሰው ሦስት አንድ ዓይነት መዝገብ ያገኘ ይመስለዋል። ያገኘው ግን እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሦስት ቋቶችን ነው፤ ኩበርኔቲስ ሣጥኑን ያበዛል እንጂ በውስጡ ያለውን ጽሑፍ አይገለብጥም። የመገልበጡን ሥራ ራሱ ፖስትግሬስ እንዲያከናውን ማሰናዳት፥ ወይም ክላውድኔቲቭፒጂን የመሰለ ለዚሁ የተሠራ ተቆጣጣሪ ማስገባት ያስፈልጋል። ማከማቻውም ቢሆን ቋሚ ተባለ እንጂ አይጠፋም ማለት አይደለም። ክላስተሩ በጥያቄ ወዲያው የሚፈጥራቸው ማከማቻዎች፥ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠ፥ ጥያቄው በተሰረዘ ጊዜ ከነመረጃቸው ይሰረዛሉ። «ዲሊት» የሚለውን ቃል «ሪቴይን» ብሎ መለወጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ቅጂ አለን ብሎ መተኛት ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ጊትላብ በተባለው ኩባንያ ታይቷል። ነገሩ የደረሰው በኩበርኔቲስ ላይ አይደለም፤ የመረጃ ቋት ጠባይ ግን የትም ያው ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ መሐንዲስ በተጠባባቂው ኮምፒውተር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ቋት ፋይሎች ሰረዘ፤ በቅጽበት ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ያህል ብቻ ነበር። በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ቅጂ ሲፈለግ የለም። ቅጂውን የሚያወጣው መሣሪያ የ9.2 ዕትም፥ ቋቱ ግን የ9.6 በመሆኑ ሥራው ሲከሽፍ ሰንብቷል፤ መክሸፉን የሚገልጸው ኢሜይልም ተቀባዩ ዘንድ ሳይደርስ ቀርቷል። ኩባንያውን ያዳነው ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ጉዳይ ተወስዶ የነበረ ቅጂ ነው። በእነዚያ ሰዓቶች መካከል የገባው መረጃ አልተመለሰም።

በእኔ አስተያየት ለአነስተኛ መሥሪያ ቤት የመረጃ ቋቱን ከክላስተሩ ውጭ በአንድ ደኅና ኮምፒውተር ላይ መትከል፥ በሣጥን የሚሰማራውም ፕሮግራሙ ብቻ ቢሆን ይሻላል። ሁሉም በክላስተሩ ይሁን የሚል አለቃ ካለ ግን ቅጂው ቢያንስ ከክላስተሩ ውጭ፥ ቢቻል በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ። በወር አንድ ቀንም ባዶ ቋት ተክሎ ቅጂውን እዚያ መመለስ፥ ስንት ሰዓት እንደፈጀ መመዝገብ፥ ከዚያም ቅጂው ከመወሰዱ በፊት ማመልከቻ ካስገቡት ባለጉዳዮች የአንዱን ስም ጽፎ መፈለግ ነው።