ሳይበር የተገዛው አውሮፕላን

ይህ ታሪክ በአደባባይ ሲነገር አጭር ነው፤ ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሜሰርሽሚት 210 የሚባል ከባድ ተዋጊ አውሮፕላን ሠሩ፣ የገዛ አብራሪዎቹን ፈጀ፣ ምርቱ ቆመ፣ አበቃ። በአውሮፕላን ሙያ ውስጥ ያለን ሰዎች እርስ በርስ ስናወራው ግን ሌላ መልክ አለው። ዋናው ጥፋት የተፈጸመው ቢሮ ውስጥ ነው፤ ያውም አንድም አውሮፕላን ገና ከመሬት ሳይነሣ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫቸዋለሁ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። የጀርመን አየር ኃይል ሜሰርሽሚት 110 የተባለ ባለ ሁለት ሞተር ከባድ ተዋጊ ነበረው። ተተኪ ሲፈለግ የአየር ሚኒስቴሩ ምኞት ልክ አጣ። አዲሱ አውሮፕላን ጠላትን ያሳድዳል፣ ቦምብ ጣዮችን ያጅባል፣ ሽቱካ እንደሚባለው ቦምብ ጣይ ቁልቁል ተወርውሮ ቦምብ ይጥላል ተባለ። ዲዛይነሩ ቪሊ ሜሰርሽሚት ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ አሟላው። ቦምቡ አፍንጫው ውስጥ ይደበቃል፤ ከወገቡ ግራና ቀኝ ሁለት ባለ 13 ሚሊ ሜትር መትረየሶች ይገጠማሉ፤ ከኋላ የተቀመጠው ተኳሽ መትረየሶቹን ሳይነካ በርቀት መቆጣጠሪያ ያዞራቸዋል። ለዚያ ዘመን ትልቅ ድፍረት ነበር። ሚኒስቴሩ በሥዕሉ ተማርኮ 1,000 አውሮፕላን አዘዘ። የመጀመሪያው ናሙና ገና አልበረረም።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሺህ አውሮፕላን ሲታዘዝ ፋብሪካው ሥራ ይጀምራል፤ የመገጣጠሚያ ማስያዣዎች ይዘጋጃሉ፣ ብረቱ በልኩ ይቆረጣል፣ ክፍሎቹ ይከማቻሉ። ከዚያ ወዲያ የሙከራ አብራሪ ወርዶ «ይህ አካል አጥሯል» ቢል፣ ቃሉ የሚመዘነው በእውነትነቱ አይሆንም፤ ስንት ማርክ ያከስራል ተብሎ ነው። ዲዛይን ያን ጊዜ ይታሰራል። ሙያውን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው በረራ የተደረገው በሴፕቴምበር 1939 መጀመሪያ፣ ጀርመን ፖላንድን በወረረችበት ሰሞን፣ አውግስቡርግ ላይ ነው። አብራሪው ኸርማን ቩርስተር ነበር። አውሮፕላኑ አየር ላይ አልረጋም አለ። መንታው ጅራት ተነሥቶ በአንድ ትልቅ ጅራት ተተካ፤ በኖቬምበር እንደገና ተሞከረ፤ ችግሩ ግን አልለቀቀም። በሴፕቴምበር 1940 ሁለተኛው ናሙና ቁልቁል በመወርወር ሙከራ ላይ ሳለ ጅራቱ ተሰብሮ ወደቀ። አብራሪው በጃንጥላ ዘሎ ተረፈ። ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ እንዲያ ዕድለኞች አልነበሩም።

ሕመሙ የት ነበር? የኋላ አካሉ አጭር ነበር። ጅራት አውሮፕላንን የሚያረጋው ከክብደቱ መሐል ርቆ በመገኘቱ ነው፤ በርን ከማጠፊያው አጠገብ ይዞ ለመዝጋት የሞከረ ሰው ጉዳዩ ይገባዋል። ሜሰርሽሚት ክብደት የመቀነስ አባዜ ነበረበት፤ በርካታ ድንቅ ሥራዎቹም ከዚያው የመነጩ ናቸው። እዚህ ግን ቁጠባው ከልክ አለፈ። አብራሪው ዞሮ ለመታጠፍ አፍንጫውን ትንሽ ከፍ ሲያደርግ አውሮፕላኑ ያለ ማስጠንቀቂያ ስቶል ያደርጋል፤ ክንፉ የማንሣት ኃይሉን ያጣል ማለት ነው። ከዚያም እየተሽከረከረ ይወድቃል። ለማረፍ በተቃረበበት ከፍታ ይህ ከገጠመው መመለሻ የለውም።

ጀርመኖች በዚህ አውሮፕላን ምን ያህል ተማምነው እንደነበር አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1940 ክረምት ወራት፣ ብሪታንያን ለመደብደብ ሲዘጋጁ፣ እሱን በጦር ሜዳ የሚፈትን ልዩ ክፍል አቋቁመው «የሙከራ ቡድን 210» አሉት። አውሮፕላኑ አልደረሰም። ቡድኑ በአሮጌዎቹ ሜሰርሽሚት 110 እና 109 ተዋጊዎች ዘመተ፤ አዛዡ ቫልተር ሩቤንስዶርፈርም በኦገስት 15 በክሮይደን ላይ በተደረገው ወረራ ሞተ። ስሙን የተሸከሙለትን አውሮፕላን ይዘው አንድ ቀን እንኳ ብሪታንያ ላይ አልተዋጉም።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልመለስ፤ የጓዳው ወሬ ያለው እዚያ ነው። በአየር ሚኒስቴሩ የመሣሪያ ግዥና ልማት ኃላፊ የነበረው ኤርንስት ኡዴት፣ ራሱ ዝነኛ አብራሪ፣ ለቢሮ ሥራ ያልተፈጠረ ሰው ነበር። ማንኛውም ቦምብ ጣይ ቁልቁል ይወርወር የሚለው እምነት በሚኒስቴሩ የገነነው በእሱ ዘመን ነው። በኖቬምበር 1941 ራሱን አጠፋ። ቦታውን የያዘው ኤርሃርድ ሚልኽ ሆነ። ሚልኽና ሜሰርሽሚት ደግሞ የቆየ ቂም ነበራቸው። በ1928 የሜሰርሽሚት ኤም 20 መንገደኛ አውሮፕላን ሲሞከር ተከስክሶ የሚልኽ ወዳጅ የነበረው አብራሪ ሃንስ ሃክማክ ሞቷል። ሚልኽ ያኔ የሉፍትሃንሳ አየር መንገድ ሹም ነበር። በኋላ አየር መንገዱ ትዕዛዙን ሲሰርዝ የሜሰርሽሚት ኩባንያ በ1931 ለኪሳራ በቃ።

በኤፕሪል 1942 የ210 ምርት እንዲቆም ታዘዘ። ያን ጊዜ ለአየር ኃይሉ የደረሱት 90 ገደማ ናቸው፤ በየደረጃው ተጀምረው የቀሩ ክፍሎች መጋዘን ሞሉ። ሜሰርሽሚት ከኩባንያው የበላይ ኃላፊነት ተነሣ። ሊጣል የነበረው አሮጌው 110 እንደገና በብዛት መመረት ጀመረ። «ሚልኽ ቂሙን ተወጣ» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ቂሙ አልነበረም አልልም። ነገር ግን በዚያ ወንበር ላይ የሜሰርሽሚት የቅርብ ወዳጅ እንኳ ቢቀመጥ ምርቱን ማስቆሙ አይቀርም ነበር፤ ማስረጃው በየማረፊያ ሜዳው ተሰባብሮ ወድቋልና።

ከሁሉ የሚያንገበግበው የሚከተለው ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነበር። የኋላ አካሉ በአንድ ሜትር ገደማ ረዘመ፤ በክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ ፍጥነት ሲቀንስ በራሳቸው የሚከፈቱ ስላት የተባሉ ክፍሎች ገቡ። አውሮፕላኑ ሌላ ሆነ። ሃንጋሪዎች ይህን የተስተካከለውን አካል ከበረታ ሞተር ጋር አጣምረው በዳኑብ ፋብሪካቸው 267 ያህል ሠሩ፤ ወደዱትም። ጀርመኖችም ያንኑ አካል ይዘው ትላልቅ ሞተሮች ገጠሙለትና ስሙን 410 አሉት፤ ስሙ ስለ ጠፋ ቁጥሩን ቀየሩለት ብል አላጋነንሁም። በ1943 መጀመሪያ ለጦሩ ደረሰ፤ ከ1,100 በላይ ተሠራ። ግን ሰማዩ ተለውጦ ነበር። አሜሪካውያን ቦምብ ጣዮች ረጅም ርቀት በሚበሩ ተዋጊዎች ታጅበው ሲመጡ፣ ባለ ሁለት ሞተሩ ከባድ አውሮፕላን ከእነዚያ ጋር መፋለም አልቻለም።

ናዚ ጀርመን እነዚያን ዓመታት በማባከኗ አላዝንም፤ ማንም ሊያዝን አይገባም። በአውግስቡርጉ ሃውንሽቴተን የሜሰርሽሚት ፋብሪካ ከዳኻው ማጎሪያ የመጡ እስረኞች በግዳጅ ይሠሩ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። የማዝነው ጉድለቱ እየታወቀ «ብረር» የተባሉ ወጣቶች በመሞታቸው ነው።

በእንግሊዝ ኮስፎርድ ባለው የንጉሣዊ አየር ኃይል ሙዚየም አንድ 410 ቆሟል። ከእናንተ መካከል በዚያ የምትኖሩ ብትሄዱ፣ ጎብኚው ሁሉ የሚያየውን አፍንጫውንና መሣሪያውን ተዉትና ከክንፉ እስከ ጅራቱ ያለውን ርዝመት ተመልከቱ። ጥፋተኛው ማን ነው ብትሉኝ፣ ያን ርዝመት ከቆረጠው መሐንዲስ ይልቅ አውሮፕላኑ ሳይበር ሺህ ያዘዘውን ባለሥልጣን አስቀድማለሁ።