ከእርባታ ያመለጠ ዓሣ ለምን ያሳስባል?

በአውሮፓውያኑ ነሐሴ 2017 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሳይፕረስ ደሴት አጠገብ በባሕር ላይ የተዘረጋ የዓሣ ማርቢያ ተደረመሰ። በውስጡ 305 ሺህ ገደማ የአትላንቲክ ሳልመን ዓሦች ነበሩ። ኩባንያው ያመለጡት ጥቂት ሺዎች መሆናቸውን በመጀመሪያ ገልጾ ነበር። የግዛቷ ምርመራ ግን ቁጥራቸውን ከ243 ሺህ እስከ 263 ሺህ አደረሰው። መርማሪዎቹ መረቦቹ በአግባቡ ባለመጽዳታቸው በባሕር ፍጥረታት ተሸፍነው ለውሃው ግፊት መጋለጣቸውን አስታወቁ፤ ኩባንያው ግኝቱን አልተቀበለም። ኑሯቸው ከዱር ሳልመን ጋር የተሳሰረው የላሚ ነባር ሕዝብ ዓሣ አጥማጆች ያመለጡትን ለመያዝ ተሰማሩ።

ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል?

ያመለጡ ዓሦች ከዱር ዓሦች ጋር በምግብና በመራቢያ ስፍራ ይሻማሉ፤ በሽታና ጥገኛ ተባይም ሊያዛምቱ ይችላሉ። ለረጅም ጊዜ የሚዘልቀው መዘዝ ግን መዳቀል ነው። የእርባታ ዓሣ ለብዙ ትውልድ የተመረጠው በፍጥነት እንዲያድግ እንጂ ከአዳኝ እንዲያመልጥ ወይም ወንዝ ተሻግሮ እንዲራባ አይደለም። ከዱሩ ጋር ሲዳቀል ይህን ድክመት ለልጆቹ ያወርሳል። በኖርዌይ ከተመረመሩት የዱር ሳልመን መንጋዎች ሁለት ሦስተኛ በሚሆኑት ውስጥ የእርባታ ዓሣ ዘር ተገኝቷል።

በአፍሪካም ተመሳሳይ ስጋት አለ። በኢትዮጵያ ሐይቆች ነባር የሆነው ቆሮሶ፣ በደቡባዊ አፍሪካ ባዕድ ነው። በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል በሚገኘው የካሪባ ሐይቅ፣ ከማርቢያዎች ያመለጠው ቆሮሶ የሐይቁን ነባር ዝርያ ተክቶታል፤ ነባሩም ዛሬ በእጅጉ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ ተመድቧል።

ኪሳራው የማን ነው?

ለአርቢው ያመለጠ ዓሣ ያለቀ ገንዘብ ነው፤ ከወጪው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው መኖ አስቀድሞ ተበልቷልና። አጥማጁ ለጥቂት ቀናት መረቡ ቢሞላለትም፣ ነባሩ ዓሣ ሲመናመን የዘላቂ ገቢው ምንጭ ይነጥፋል። ዘርፉም ራሱ ይጎዳል፤ ዋሽንግተን ከአደጋው በኋላ፣ በ2018፣ ባዕድ ዓሦችን በባሕር መረብ ማርባት እንዲቆም የሚያደርግ ሕግ አጽድቃለች።

ምን ማድረግ ይቻላል?

መረብን በየጊዜው መፈተሽና ማጽዳት፣ ማዕበል የማይበረታበትን ቦታ መምረጥ፣ ለአካባቢው ነባር የሆነ ዝርያ ማርባት እንዲሁም በየብስ ላይ ዝግ ገንዳ መጠቀም አደጋውን ይቀንሳሉ። ወንድ ቆሮሶዎችን ብቻ ማርባት የተለመደ ቢሆንም የተሟላ ዋስትና አይሆንም፤ ያመለጡት ወንዶች ከነባር ሴቶች ጋር ሊዳቀሉ ይችላሉና።

የዱር ዓሣን መጠበቅ ለእርባታውም ይጠቅማል። በዓለም ዙሪያ የሚረባው በፍጥነት የሚያድግ የተሻሻለ ቆሮሶ የተገኘው ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል ከተሰበሰቡ የዱር ዓሦች ጭምር ነው። የተቀደደ መረብ ይጠገናል፤ አንዴ የተደባለቀ ዘር ግን ተመልሶ አይለይም።